በካቶሊክ ቅዳሴ ለምን እንንበረከካለን? ስለ መንበርከክ፣ ስለ መቆምና ስለ መስገድ

ጥያቄ፦ ንዑሰ ክርስቲያን

ጤና ይስጥልኝ። ጥምቀትን ለመቀበል የትምህርተ ክርስቶስ ክፍል በመከታተል ላይ ነኝ። ያደግሁት ጸሎት ማለት ዐይንን ጨፍኖ በልብ የሚደረግ ነው፣ ሰውየው ቢቆምም ቢቀመጥም ለውጥ የለውም በሚል ቤተሰብ ውስጥ ነው። በካቶሊክ ቅዳሴ ላይ ግን ሕዝቡ በአንድነት ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ ይንበረከካል። መቼ ምን እንደሚደረግ አሁን ለምጄዋለሁ፤ ምክንያቱ ግን ገና በደንብ አልገባኝም።

እግዚአብሔር የሚመለከተው ልብን እንደሆነ ቅዱስ መጽሐፍ ይነግረናል። ታዲያ ጉልበቴ መሬት መንካቱ በጸሎቴ ላይ ምን ይጨምራል? ባይነካስ ምን ይጎድላል? ደግሞም ሕዝቡ ወንጌል ሲነበብ ይቆማል፤ ኅብስቱና ወይኑ በሚቀደሱበት ጊዜ ይንበረከካል፤ «አባታችን ሆይ» ሲደርስ እንደገና ቆሞ ይገኛል። መንበርከክ ከሁሉ የበለጠ የአክብሮት ምልክት ከሆነ፣ ቅዳሴውን ሁሉ ተንበርክከን የማናደርሰው ለምንድን ነው?

ከእኔ ጋር የሚማሩ አንዲት እናት አሉ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሁሉም ሲንበረከክ እርሳቸው ተቀምጠው ይቀራሉ፤ በዚህም እግዚአብሔርን ያላከበሩ እየመሰላቸው ይጨነቃሉ። ለእርሳቸውም የምነግራቸው ነገር ብታካፍሉኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ አንባቢ

ውድ ጠያቂ፣ ያነሡት ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ የተጠየቀ ነው። ቅዱስ አውጉስጢኖስ በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ለሙታን ስለሚደረግ እንክብካቤ በጻፈው ድርሰት ይህንኑ ነገር አንሥቶታል። የሚጸልዩ ሰዎች ጉልበታቸውን ያጥፋሉ፣ እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ አንዳንዴም በምድር ላይ ይደፋሉ፤ እግዚአብሔር ግን የማይታየውን የልባቸውን ፈቃድ ስለሚያውቅ ይህ ሁሉ ምልክት አያስፈልገውም ይላል። ምልክቱ የሚጠቅመው የሚጸልየውን ሰው ነው። የሰውነት እንቅስቃሴ አስቀድሞ በልብ የተነሣ ነገር ከሌለ አይደረግም፤ ከተደረገ በኋላ ግን ያንኑ በልብ ያለውን ስሜት መልሶ ያበረታዋል። አውጉስጢኖስ ይህ እንዴት እንደሚሆን እንደማያውቅ ሳይሸሽግ፣ መሆኑን ግን አጥብቆ ይመሰክራል። በትዕግሥት የጸለየ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል ብዬ አምናለሁ፤ ልብ ደርቆ ቃል በሚጠፋበት ቀን ጉልበት ቀድሞ ይወርዳል፣ ልብም ዘግይቶ ይከተላል።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስም በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ከነፍስና ከሥጋ የተሠራ በመሆኑ ለእግዚአብሔር የሚያቀርበው ስግደት ውስጣዊም ውጫዊም ነው ብሎ አስተምሯል። ውጫዊው የሚደረገው ለውስጣዊው ሲባል ነው፤ በሥጋ የምናሳየው ትሕትና ልባችንን ለእግዚአብሔር እንዲገዛ ያነሣሣዋል። ስንንበረከክ በእግዚአብሔር ፊት ያለንን ድካም እንገልጻለን፤ በምድር ላይ ስንደፋ ደግሞ ከራሳችን ምንም አለመሆናችንን እንናዘዛለን ይላል።

እኔን ከሁሉ አብልጦ ያሳመነኝ ግን በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 የተጻፈው የሦስቱ ወጣቶች ታሪክ ነው። ንጉሡ ያዘዛቸው የመለከትና የዘፈን ድምፅ በሰሙ ጊዜ ወድቀው ለወርቁ ምስል እንዲሰግዱ ነበር። የሰውነት ሁኔታ ትርጉም የሌለው ነገር ቢሆን ኖሮ፣ ጉልበታቸውን አጥፈው ልባቸውን ለእውነተኛው አምላክ ጠብቀው ከእሳቱ በዳኑ ነበር። እነርሱ ግን ወደ እቶኑ መጣልን መረጡ። ጌታችንም በምድረ በዳ ሲፈተን፣ ዲያብሎስ ወድቆ እንዲሰግድለት በጠየቀው ጊዜ፣ ጥያቄውን እንደ ቀላል ነገር አላየውም፤ ለጌታ ለአምላክህ ስገድ፣ እርሱንም ብቻ አምልክ የሚለውን ቃል ጠቅሶ መለሰለት። ለሐሰተኛ አምላክ ጉልበትን ማጠፍ ክህደት ከሆነ፣ ለእውነተኛው አምላክ ማጠፍም እውነተኛ ምስክርነት መሆን አለበት።

ልብ የሌለበት መንበርከክ ባዶ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ወታደሮቹ የእሾህ አክሊል ደፍተውለት፣ ተንበርክከው ሰገዱለት፤ የሰገዱትም ለመዘበት ነበር። ስለዚህ «ልብ ይበቃል» ለሚል ሰው ሦስቱን ወጣቶች አሳየዋለሁ፤ «ሥርዓቱን ከፈጸምን ይበቃል» ለሚል ደግሞ ወታደሮቹን።

በተረፈ ቅዱስ መጽሐፍ በዚህ ረገድ እጅግ ባለጸጋ ነው። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን በመረቀ ጊዜ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ተንበርክኮ ነበር፤ ጌታችን በደብረ ዘይት ተንበርክኮ እንደጸለየ ሉቃስ ጽፏል፤ እስጢፋኖስ በድንጋይ ሲወገር ተንበርክኮ ለገዳዮቹ ለመነ፤ ጴጥሮስ ጣቢታን ከማስነሣቱ በፊት ተንበረከከ፤ ጳውሎስም ከኤፌሶን ሽማግሌዎች ሲለይ ከሁሉም ጋር ተንበርክኮ ጸለየ። የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ደግሞ ከቀደመ ምንጭ ጠቅሶ፣ የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ያዕቆብ ስለ ሕዝቡ ይቅርታ ዘወትር ከመንበርከኩ የተነሣ ጉልበቱ እንደ ግመል ጉልበት ጠንክሮ እንደነበር ይተርካል።

መልስ፦ ወልደ ትንሣኤ

ከላይ የተጻፈውን ሁሉ እቀበላለሁ። ሆኖም ጠያቂያችን «ለምን ሁልጊዜ አንንበረከክም» ብለው ለጠየቁት ገና መልስ አልተሰጠም፤ በእኔ አስተያየትም ብዙ ካቶሊኮች ስለ መቆም ያላቸው ግንዛቤ ከሚገባው በታች ነው። ብዙዎቻችን መቆምን በመቀመጥና በመንበርከክ መካከል ያለ መሸጋገሪያ አድርገን እናየዋለን። ለጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ግን መቆም የእሑድ ቀን ዋና የጸሎት ሁኔታ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ ያወጣው 20ኛው ቀኖና ስለዚሁ ነው። በእሑድ ቀንና ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ቀናት የሚንበረከኩ ሰዎች ስለነበሩ፣ በሁሉም ስፍራ አንድ ዓይነት ሥርዓት እንዲጠበቅ በእነዚህ ቀናት ጸሎት በመቆም እንዲቀርብ ጉባኤው ወሰነ። ከዚያም በፊት የሰሜን አፍሪካው የጥንት ክርስቲያን ጸሐፊ ተርቱሊያኖስ በእሑድ መጾምም ሆነ ተንበርክኮ መስገድ እንደማይገባ ጽፎ ነበር፤ በ2ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የእሑዱን ስብሰባ የገለጸው ሰማዕቱ ዮስጢኖስም ከንባቡና ከስብከቱ በኋላ ሁሉም በአንድነት ተነሥተው እንደሚጸልዩ ይናገራል። በሮም ካታኮምቦች (የጥንት ክርስቲያኖች የመሬት ውስጥ መቃብሮች) ግድግዳ ላይ የተሣሉት ጸሎተኞችም ቀጥ ብለው ቆመው፣ ክንዳቸውን ወደ ጎን ዘርግተው፣ መዳፋቸውን ከፍተው ይታያሉ። ዛሬም ካህኑ በመንበሩ ፊት እጁን ዘርግቶ ሲጸልይ የምናየው ይህንኑ ነው።

ምክንያቱን ከሁሉ አሳምሮ የገለጸው ቅዱስ ባስልዮስ ነው። ስለ መንፈስ ቅዱስ በጻፈው መጽሐፍ፣ በሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን ቆመን የምንጸልየው ከክርስቶስ ጋር ስለተነሣንና በላይ ያለውን እንድንሻ ስለተጠራን ነው ይላል፤ ያ ቀን የሚመጣውና ፍጻሜ የሌለው ዘመን ምሳሌ መሆኑንም ይጨምራል። ስለ መንበርከክ ሲጽፍ ደግሞ፣ ጉልበታችንን አጥፈን እንደገና በተነሣን ቁጥር በኃጢአት ወደ ምድር መውደቃችንንና በፈጣሪያችን ፍቅር ወደ ሰማይ መጠራታችንን በሥራ እናሳያለን ይላል። እንግዲህ ለባስልዮስ መንበርከኩም ሆነ መነሣቱ የአንድ ታሪክ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ የወደቀው ሰው ታሪክና የተነሣው ሰው ታሪክ ማለት ነው።

ስለዚህ ወንጌል ሲነበብ የምንቆመው የተነሣው ጌታ ራሱ ስለሚናገረን ነው፤ «አባታችን ሆይ» ስንል የምንቆመውም በጥምቀት ልጅነትን ያገኘን ስለሆንን ነው። ልጅ በአባቱ ፊት በድፍረት ይቆማል። የባይዛንታይንን ማለትም የምሥራቁን የግሪክ ወገን ሥርዓት የሚከተሉ ካቶሊኮች በእሑድ ቅዳሴ ላይ እንደ ቀደመው ልማድ ቆመው ቢታዩ፣ እምነታቸው ከላቲኖቹ (የሮማን ሥርዓት ከሚከተሉት) እምነት ያነሰ እንዳይመስልዎት። በራእየ ዮሐንስ ሽማግሌዎቹ በበጉ ፊት ወድቀው ሲሰግዱ፣ ሊቆጠር የማይችለው ብዙ ሕዝብ ደግሞ ነጭ ልብስ ለብሶ በዙፋኑ ፊት ቆሞ ይታያል። የሰማዩ ሥርዓት ለሁለቱም ቦታ አለው።

መልስ፦ የመንበር አገልጋይ

በቅዳሴ ሥነ ሥርዓት አስተናባሪነት ለብዙ ጊዜ ያገለገልሁ በመሆኔ፣ ስለ አፈጻጸሙ ጥቂት ልበል።

ወልደ ትንሣኤ የጠቀሱት ቀኖና እንዳለ ሆኖ፣ ምዕራባዊቷ ቤተ ክርስቲያን በእሑድም ጭምር በቅደሳው ጊዜ ወደ መንበርከክ የመጣችበት መንገድ አለ። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የቱሩ ቤሬንጋር የተባለ የፈረንሳይ መምህር ባስነሣው ክርክር የተነሣ፣ ክርስቶስ በቅዱስ ቁርባን ውስጥ በእውነት መገኘቱ በስፋት ተመረመረ፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካህኑ የተቀደሰውን ኅብስት ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ የሚያሳይበት ልማድ ተስፋፋ፤ እ.ኤ.አ. በ1215 አራተኛው የላተራን ጉባኤ የኅብስቱንና የወይኑን መለወጥ በግልጽ ቃል ደነገገ፤ በ1264 ደግሞ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባኖስ 4ኛ የክርስቶስ ሥጋና ደም በዓል በመላው ቤተ ክርስቲያን እንዲከበር አወጁ። ሕዝቡም ጌታ በዚህ አለ ብሎ ሲያምን ጉልበቱን አጠፈ። ይህ እንግዲህ ከንስሐ መንበርከክ ይለያል፤ ንጉሥ ሲገባ እንደሚደረገው ያለ የአምልኮ ምላሽ ነው። በእሑድ የሚደረግ በመሆኑ የትንሣኤውን ደስታ የሚቃረን አይመስለኝም፤ ሴቶቹ ከመቃብሩ ሲመለሱ የተነሣውን ጌታ አግኝተው እግሩን ይዘው እንደሰገዱለት ማቴዎስ ጽፏልና።

ዛሬ ያለው ደንብ በሮማ መጽሐፈ ቅዳሴ አጠቃላይ መመሪያ ቁጥር 42 እና 43 ላይ ይገኛል። ሕዝቡ ከመግቢያው መዝሙር እስከ መክፈቻው ጸሎት፣ ከወንጌል በፊት ባለው ሃሌ ሉያ፣ በወንጌል፣ በጸሎተ ሃይማኖትና በምእመናን ጸሎት ጊዜ ይቆማል፤ ከወንጌል በፊት ያሉት ንባባት ሲነበቡ፣ በስብከትና መባው ሲዘጋጅ ይቀመጣል፤ በቅደሳው ጊዜ ይንበረከካል። የጳጳሳት ጉባኤዎች እንደየአገሩ ልማድ ማስተካከል ስለሚችሉ፣ በአንዳንድ አገሮች ሕዝቡ «ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ» ከተዘመረ በኋላ ተንበርክኮ አኮቴተ ቁርባኑ (ቅደሳው የሚፈጸምበት ታላቁ የምስጋና ጸሎት) በአሜን እስኪፈጸም አይነሣም። መመሪያው የጋራ የሰውነት ሁኔታን የተሰበሰቡት ሰዎች አንድነት ምልክት ይለዋል። ስለዚህ ከሌላው ተለይቶ በራስ ስሜት መንበርከክን ወይም መቆምን አልመክርም።

አሁን ስለ እናታችን። ይኸው ቁጥር 43 በጤና ጉድለት፣ በቦታ ጥበት፣ በሕዝብ ብዛት ወይም በሌላ በቂ ምክንያት መንበርከክ የማይችል ሰው እንዳይገደድ በግልጽ ይናገራል። የማይንበረከክ ሰው ካህኑ ከቅደሳው በኋላ ጉልበቱን አጥፎ በሚሰግድበት ጊዜ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ይንሣ ይላል። ስለዚህ እኚህ እናት በተቀመጡበት ሆነው፣ ካህኑ ኅብስቱን አሳይቶ በሚሰግድበት ቅጽበት፣ እንዲሁም ከጽዋው በኋላ፣ አቅማቸው በፈቀደ መጠን ጎንበስ ይበሉ። ይህን ሲያደርጉ የሕዝቡን ስግደት ሙሉ በሙሉ ተካፍለዋል፤ የጎደለባቸው ነገር የለም። እባክዎ ይህን ሳይውሉ ሳያድሩ ይንገሯቸው፤ በሕመም ላይ ጭንቀት ሊጨመርባቸው አይገባም።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ስለምናደርገው ስግደትም ልጨምር፤ በጥድፊያ ብዛት መልኩን እያጣ ነውና። ቀጥ ብለው ቅዱስ ቁርባን ወዳለበት ማደሪያ ይዙሩ። ቀኝ እግርዎን ወደ ኋላ ሳብ አድርገው፣ ቀኝ ጉልበትዎ በግራ ተረከዝዎ አጠገብ መሬት እስኪነካ በዝግታ ይውረዱ፤ ጀርባዎ አይጎብጥ፤ አንድ ትንፋሽ ያህል ይቆዩና ይነሡ። መውረዱ ከከበደዎ የወንበሩን ጠርዝ መያዝ ነውር የለበትም። ማማተቡን ከመውረድዎ በፊት ወይም ከተነሡ በኋላ ቢያደርጉት ይሻላል፤ ሁለቱ በአንድ ላይ ሲጣደፉ ሁለቱም ይበላሻሉ። መመሪያው ቁጥር 274 ይህ ስግደት አምልኮን የሚያመለክት በመሆኑ ለቅዱስ ቁርባን፣ እንዲሁም ከስቅለት ዓርብ የመስቀል ስግደት ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ዋዜማ መጀመሪያ ድረስ ለቅዱስ መስቀሉ ብቻ የተጠበቀ ነው ይላል።

የሰውነትን ቋንቋ በሙሉ ኃይሉ ለማየት የሚፈልግ ሰው የስቅለትን ዓርብ ሥርዓት ይከታተል። ካህኑ ያለ መዝሙር፣ በዝምታ ገብቶ በባዶው መንበር ፊት በግንባሩ ይደፋል ወይም ይንበረከካል፤ ሕዝቡም ይንበረከካል፤ ማንም ቃል አይናገርም። የሕማማቱ ንባብ ጌታ ነፍሱን ወደሰጠበት ሲደርስ አንባቢው ያቆማል፣ ሁሉም ለጥቂት ጊዜ ይንበረከካል። በታላላቆቹ ምልጃዎች ጊዜ ደግሞ ዲያቆኑ «እንንበርከክ» ሲል ሕዝቡ ተንበርክኮ በዝምታ ይጸልያል፤ «እንነሣ» ሲል ይነሣል፤ ካህኑም የሁሉንም ልመና በአንድ ጸሎት ያጠቃልላል።

ማዕርገ ክህነት ሲሰጥም እንዲሁ ነው። ዕጩው በወለሉ ላይ በግንባሩ ተዘርግቶ ሳለ ጉባኤው የቅዱሳንን ስም እየጠራ ይለምንለታል። ሕዝቡ በሌላው ጊዜ ተንበርክኮ፣ በእሑድና በትንሣኤ ሰሞን ግን ቆሞ ነው የሚዘምረው። ወልደ ትንሣኤ የጠቀሱት የኒቅያ ሥርዓት በምዕራብም ፈጽሞ እንዳልተረሳ ከዚህ እንረዳለን።

ጥያቄ፦ ንዑሰ ክርስቲያን

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለእናታችን ያላችሁኝን ነግሬአቸው እፎይ ብለዋል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ቅዱስ ቁርባንን ቆሞ መቀበልና ተንበርክኮ መቀበልን በተመለከተ ሰዎች ጎራ ለይተው በብርቱ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፤ አንዱ ወገን ሌላውን በእምነት ጉድለት ሲከስስም ሰምቼ አዝኛለሁ። ደግሞም አንዳንዶች በቅዱሳን ሥዕልና ሐውልት ፊት ተንበርክከው ሲጸልዩ አያለሁ። መንበርከክ ለእግዚአብሔር የሚገባ አምልኮ ከሆነ ይህ እንዴት ይታያል?

መልስ፦ ወልደ ትንሣኤ

ከኋለኛው ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ787 የተሰበሰበው ሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤ፣ ለመለኮት ብቻ የሚገባውን የአምልኮ ስግደትና ለቅዱሳት ሥዕላት የሚቀርበውን የአክብሮት ስግደት ለይቶ አስቀምጧል፤ ለሥዕሉ የሚሰጠው ክብርም ሥዕሉ ወደሚያመለክተው አካል ያልፋል ብሏል። በሥዕል ፊት ተንበርክኮ የሚጸልይ ሰው ከቅዱሱ ጋር ሆኖ ወደ እግዚአብሔር ይለምናል። የውጭው ሁኔታ ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል፤ አንባቢ እንዳሉት ግን ትርጉሙን የሚወስነው በልብ ያለው አሳብ ነው። ያም ሆኖ የመንበር አገልጋይ የጠቀሱት ደንብ ጠቃሚ ነው፤ በቅዱስ ቁርባን ፊት ሳይሰግድ አልፎ ወደ ሐውልት የሚፈጥን ሰው ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል፤ ይህን በፍቅር ማረም ይገባል።

ስለ ቁርባን አቀባበል ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ቃል ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው ስለ ቅዱስ ቁርባን ምሥጢር የሚናገር መመሪያ ምእመናን ተንበርክከውም ቆመውም መቀበል እንደሚችሉ ይገልጻል፤ ሥራ ላይ የሚውለውን የጳጳሳት ጉባኤ ይወስናል፤ ቆመው ለሚቀበሉም አስቀድመው ተገቢውን የአክብሮት ምልክት እንዲያሳዩ ይመከራል። በ2004 የወጣው ሌላ መመሪያ በቁጥር 91 ላይ፣ አንድ ሰው ተንበርክኮ ወይም ቆሞ መቀበል በመፈለጉ ብቻ ቁርባን ሊከለከል እንደማይችል ይደነግጋል። ስለዚህ ቆሞ የሚቀበለውን «አያምንም» ማለት ሐሰት ነው፤ ተንበርክኮ የሚቀበለውን «ለታይታ ነው» ማለትም እንዲሁ የወንድምን ልብ መዳኘት ነው። በበኩሌ ቆሞ መቀበል የትንሣኤውን ትርጉም በደንብ ይናገራል ብዬ አምናለሁ፤ ጎንበስ ብሎ እጅ መንሣት ግን ሊቀር አይገባም፤ ምክንያቱም ያለ እርሱ መቆሙ በሰልፍ ላይ ተራን ከመጠበቅ የማይለይ ይሆናል።

መልስ፦ አንባቢ

በዚህ ላይ እኔ ትንሽ እለያለሁ፤ ተንበርክኮ መቀበል የምንቀበለው ማን እንደሆነ ለልጆችና ለአዲስ አማኞች ያለ ብዙ ስብከት ያስተምራል ብዬ አምናለሁ። የወልደ ትንሣኤን ክርክር ግን አከብራለሁ፤ ደንቡም ለሁለታችንም ቦታ ሰጥቷል።

ለእርስዎ፣ ውድ ጠያቂ፣ የምመክርዎ ከጥምቀትዎ በፊት በሀገረ ስብከትዎ ያለው ልማድ የትኛው እንደሆነ ካህንዎን እንዲጠይቁና ሰው በሌለበት ሰዓት በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አንድ ሁለት ጊዜ እንዲለማመዱት ነው። በዕለቱ አሳብዎ በእግርዎና በእጅዎ አቀማመጥ ሳይያዝ ወደ ጌታ መቅረብ ይችላሉ። እናታችንም ወደ መንበሩ መራመድ ከከበዳቸው፣ ቅዱስ ቁርባኑ ወደ ተቀመጡበት እንዲመጣላቸው አስቀድመው ለካህኑ ቢነግሩላቸው መልካም ነው።